የኮሚቴው ቋሚ አሸባሪ

ጥቅምት 9

ለውድ እህቴ፣

ነገሩ ሊያስከትል የሚችለውን ድንጋጤ ከወዲሁ በመገመት፣ በታላቅ የኃላፊነት ስሜት የሚከተለውን አሳውቅሻለሁ፦ የወንጀል ሕግ ማሻሻያ ኮሚቴው የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ለረጅም ጊዜ ሲያሠቃየው በኖረው የሽቦ ሕመም ምክንያት፣ ዛሬ ረፋዱ ላይ በሥራ ገበታው እንዳለ አርፏል። ሰብሳቢያችን የኅሊና ጸሎት ለማዘዝ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ስብሰባው በቴርሞስ እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። በዚህ ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ ያለፈ የመጀመሪያው ጉዳይ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ። አዎ፣ እበላለሁ። የሰፋሽልኝ ኮት ልኬ ነው፤ እጅጌው ብቻ ስለ ክንዴ ርዝመት ከኔ የተሻለ ተስፋ አለው። ያልሽኝን ሴትዮ አልደወልኩላትም። «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» ላልሽው ግን ሰፋ ያለ መልስ ያስፈልጋል።

በወንጀል ሕጉ ላይ ስለ ሽብር አዲስ ምዕራፍ እየጨመርን ነው። አምና ባቡር ጣቢያው ላይ በፈነዳው ቦምብ የሞቱት ሰዎች ስም ስብሰባ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ፊት ለፊቴ ስለሆነ በቃሌ ይዤዋለሁ። ስለዚህ በሥራው አልቀልድም። በአሠራሩ ግን ካልቀለድኩ እታመማለሁ። አሠራራችን እንዲህ ነው። አንድ አንቀጽ ይነበባል። ከአባላቱ አንዱ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጥና አሸባሪ ይሆናል። «ይህን ባደርግስ? ያንን ባደርግስ?» እያለ ከአንቀጹ ሊያመልጥ ይሞክራል። ካመለጠ ያመለጠበት ቀዳዳ ይደፈናል። መጀመሪያ በተራ ነበር። ሌሎቹ ወዲያው ወዲያው ይያዛሉ፤ ጡረተኛው ዐቃቤ ሕጋችንማ ገና ሳይጠየቁ ያምናሉ። እኔ ግን ሙልጭልጭ ብዬ አመልጣለሁ። ስለዚህ የኮሚቴው ቋሚ አሸባሪ ሆኜ ተመድቤያለሁ፣ ያለ አበል። መረቡን በዓሣው ምክር እየጠገኑት ነው ማለት ነው።

ማክሰኞ ዕለት ማምለጫ ሲጠፋኝ ባልሽ ትዝ አለኝ።

«ቦምብ የለኝም» አልኳቸው። «ጠመንጃ የለኝም። ዝንብ አልገደልኩም። አንድ መፍቻ ይዤ የከተማውን ዋና የውሃ መስመር ዘጋሁት። ከተማው ፊቱን ሳይታጠብ አረፈደ። ለምሳ ሳይደርስ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የምፈልገውን ሁሉ አደረጉልኝ። በሉ ያዙኝ።»

ዐቃቤ ሕጉ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «ይኼ በእውን የተደረገ ነው?» አሉ ሰብሳቢያችን። «የእህቴ ባል ነው ያደረገው፤ በሠርጋቸው ዓመት። አገሩ ሁሉ መፍቻ ነው የሚለው» አልኩ። ሌላ ዙር ሳቅ። ሳቁ ሲበርድ ሰብሳቢው «ቆይ፣ ቆይ» አሉና አንዲት መስመር ጨመሩ፦ ጥያቄውን ለማስፈጸም ውሃ፣ መብራት ወይም መገናኛ ያቋረጠ። ተያዝኩ። እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ወዲህ ስያዝ የመጀመሪያዬ ነው።

ለመፍቻ ንገሪው። ስሙ ባይጠራም አገር ሕግ ውስጥ ገብቷል።

ወንድምሽ


ጥቅምት 24

ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። የማንቆርቆሪያውን መርዶ ሰምተናል፤ ነፍስ ይማር። ለቅሶ ስላልደረስኩ አትቀየም፣ የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮብኝ ከስፌት መኪናው ቀና ማለት አቅቶኝ ነው። ኮቱን መልስልኝ፣ አሳጥረዋለሁ። ሴትዮዋን ግን ደውልላት። እሷን የሚፈራ ሰው እንዴት አሸባሪ እንደሚያስፈራራ አይገባኝም።

ደብዳቤህን ለመፍቻ እራት ላይ አነበብኩለት፤ እንደ ቴአትር፣ የዐቃቤ ሕጉን ሳቅ ሳይቀር። እሱም ሳቀ። ሳህኑን ካነሳሁ በኋላ ግን «ለምን እንደዘጋሁት ነግሯቸዋል?» አለኝ።

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። መፍቻ የሚሠራበት የውሃ ፓምፕ የሞተሩ ቀበቶ ክዳን አልነበረውም። ሠራተኞቹ ሁለት ዓመት አመለከቱ፤ ሰሚ ጠፋ። ያን ቀን ጠዋት ቀበቶው የአንዱን ሠራተኛ ሸሚዝ ያዘና ጎተተው። ጨርቁ ባይቀደድ ሰውየው ነበር የሚገባው። መፍቻ ወጥቶ የዘጋው ያኔ ነው። ክዳኑ ከምሳ በፊት ተገጠመ፣ ውሃውም ተለቀቀ። አንተ «የምፈልገውን ሁሉ» ያልከው እኮ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ነው።

እኔማ «ነግሯቸው ይሆናል» ብዬዋለሁ። ነግረሃቸዋል?

መፍቻ ሰላም ብሎሃል። «የኔ መፍቻ ቁጥሩ ሃያ አራት ነው በይልኝ፤ ሕጉ ላይ እንዳይሳሳቱ» ብሏል።

እህትህ


ኅዳር 30

ለውድ እህቴ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። የዘገየሁት ሕጉ ስለጸደቀ ነው።

ጥያቄሽ አጭር ነው፣ መልሱም እንደዚያው። አልነገርኳቸውም። ቀልድ ምክንያት ሲገባበት ይቀዘቅዛል። ስለ ቆርቆሮ ባወራ ኖሮ ማን ይስቅልኛል? በሚቀጥለው ንባብ አነሳዋለሁ ብዬ ነበር። የሚቀጥለው ንባብ የሚባል ነገር አልመጣም። ገበያው ውስጥ ሁለተኛው ቦምብ ፈነዳ፤ በሳምንቱ ረቂቁ ከእጃችን ተወሰደ፤ ምክር ቤቱ ቆሞ አጨብጭቦ አሳለፈው። ያን ሰሞን ስለ ሞተር ክዳን ማንሳት ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ጫማ ቀለም እንደማውራት ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ለቀልድ ያህል እንኳ አልችልበትም፤ ይኼኛውን ግን ቻልኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሕጉ ጋር ለሚታተመው ማብራሪያ ለየአንቀጹ ምሳሌ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ለዚያች መስመር ሌላ ምሳሌ አልመጣልኝም። ሁሉም የሚያስታውሰው ያንን ነው። «አንድ የውሃ ሠራተኛ ዋናውን መስመር ቢዘጋ» ብዬ ጻፍኩ።

አትስጊ። ሕግ የሚጻፈው ለክፉ ሰው ነው። ደግ ሰው ሲቀርብ ዳኛ አለ፤ ዳኛ ደግሞ ጭንቅላት አለው። የመፍቻውን ቁጥር ለሰብሳቢያችን አስታውቄያለሁ፤ ተቃውሞ አላቀረቡም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 6

ለወንድምዓለም፣

በስልኳ ደውለህ እንደነበር ጎረቤቴ ባለሱቋ ነገረችኝ። አንድ ቀን ብቻ እንዳልሆነም ነግራኛለች። መጥቼ ስላላነሳሁት ይቅርታ።

እዚህ ሁሉም እንደነበረ ነው። ዩኒፎርሙን ጨርሼ አስረክቤያለሁ። የስፌት መኪናዬ ፔዳል ተሰብሯል። «መፍቻ እያለ?» እንደምትል አውቃለሁ። ለጊዜው ቤት የለም። ደህና ነው። ጠዋትና ማታ ምግብ አመላልስለታለሁ፤ ይበላል። ሌላ ሌላውን በሌላ ጊዜ።

ሰላም ብሎሃል።

እህትህ


ሚያዝያ 13

ለውድ እህቴ፣

ምግብ የሚመላለስለት ሰው የት እንዳለ ለማወቅ የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም። ከደብዳቤሽ ቀድሞ ጋዜጣው ደርሶኝ ነበር፤ በሦስተኛው ገጽ፣ ከአየር ትንበያው በላይ፦ «በአዲሱ ሕግ የመጀመሪያው ተከሳሽ።» መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ጋዜጣውን ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉት ነበር። ሕጉ መሥራት ጀመረ ብለው ደስ ብሏቸው ነው፤ ክፋት የላቸውም። አንዱማ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ምን እንደተፈጠረ ንገሪኝ። እንዳልደነግጥ ብለሽ አትቀንሺልኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 22

ለወንድምዓለም፣

አልቀንስልህም።

ያ ክዳን ለጥገና ተብሎ ተፈታ። ሳይመለስ ወራት አለፉ። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ኃላፊ «በጀት ሲለቀቅ» እያሉ ነበር። መጋቢት ላይ ቀበቶው የመፍቻን ባልደረባ ቀኝ እጅ ያዘ። እስከ ክርኑ ነው የሄደው። መፍቻ ሰውየውን አምቡላንስ ላይ ከጫነ በኋላ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ሄዶ መስመሩን ዘጋ። «ክዳኑ ሲገጠም እከፍታለሁ» አለ፤ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው።

አንተ ታውቃለህ፣ እዚህ ከተማ መስመር መዝጋት ማመልከቻ ነው። አባቱም በጊዜው ዘግቷል። ድሮ ሲዘጋ ኃላፊው እየሮጡ ይመጡና ተሰዳድበው፣ ተስማምተው፣ ተሳስቀው ይለያዩ ነበር። አሁን የመጡት ፖሊሶች ናቸው። መፍቻ እጁን ዘርግቶ ሰላም ሊላቸው ሲል በዚያው በዘረጋው እጁ ካቴና አስገቡበት። ሆስፒታሉ በዚያ መስመር ላይ ነው። የራሱ ታንከር ስላለው የተጎዳ የለም። ክሱ ግን «ሊጎዳ ይችል ነበር» ይላል።

ጠበቃው አንድ መላ አለው። ሕጉን ያረቀቀ ሰው መጥቶ «ይህች መስመር እንዲህ ላለው ሠራተኛ አልታሰበችም» ብሎ ቢመሰክር ዳኛው ክሱን ወደ ተራ የሥራ ጥፋት ያወርዱታል ይላል። ካልሆነ ትንሹ ቅጣት ስምንት ዓመት ነው። ለአንተ አልነግርህም።

ና። እንደ እህት አልለምንህም፣ እንደ ታላቅነትህ ና።

መፍቻ ሰላም ብሎሃል።

እህትህ


ግንቦት 10

ለውድ እህቴ፣

መቼም እመጣለሁ። እስካሁን ያልመጣሁበት ምክንያት አንደኛ ፈቃድ ጠይቄ ነው፤ ሁለተኛ ፈቃዱን የሚሰጡት ሰው ፈቃድ ላይ ናቸው፤ ሦስተኛ ብርድ ይዞኛል፤ አራተኛ እነዚህ ሁሉ ውሸት ናቸው። ፈቃዱ ከተሰጠኝ ሰንብቷል። ብርዱም ለቆኛል።

እውነቱ ይኼ ነው። ጠበቃው የሚፈልገው «አልታሰበም» እንድል ነው። ታስቧል። በዚያች መስመር ዙሪያ ከመፍቻ በቀር በአገሪቱ ውስጥ ማንም ሰው አልታሰበም። ማብራሪያው ላይም ታትሟል፤ የከሰሰው ዐቃቤ ሕግ እጅ ላይ ይኖራል። እኔ ያልኩትን መካድ ብችል እንኳ የጻፍኩትን ያነቡብኛል። ብመጣ እንዳልጎዳው ፈራሁ። ባልመጣም እንደምጎዳው አውቃለሁ።

ምን ላድርግ? እስከዛሬ ቀዳዳ ጠፍቶኝ አያውቅም ነበር።

ወንድምሽ


ግንቦት 17

ለወንድምዓለም፣

እንኳን ብርዱ ተሻለህ።

ቀጠሮው ሰኔ 11 ጠዋት ነው። ታስቧል ካልክ ታስቧል በል፤ እዚያ ቆመህ ዋሽልኝ አልልህም። ግን ለምን እንደዘጋው ንገራቸው። ያኔ ያስቀረሃትን ብቻ። ከአንተ የምፈልገው ያቺን ናት።

ሰላም ብሎሃል።

እህትህ


ሰኔ 14

ለውድ እህቴ፣

ሳልሰናበትሽ በመሄዴ ይቅርታ። የፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆመሽ ስትፈልጊኝ አይቼሻለሁ። በኋላው በር ነው የወጣሁት።

ሁለተኛ ረድፍ ላይ ስለነበርሽ ሁሉንም ሰምተሻል፤ ግን በኔ በኩል እንዴት እንደነበር ልንገርሽ። መንገዱን ሁሉ ስለ ክዳኑ የምናገረውን ስለማመድ ነው የመጣሁት። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ልጄ፣ ጸሎት ነው?» ብለውኛል። ገብቼ ስቆም «ለተጠየቁት ብቻ ይመልሱ» ተባልኩ። ከዚያ ጥያቄው መጣ፦ «እንዲህ ያለ ሠራተኛ ታስቦ ነበር?» ሁሉም ያዩኛል። ሰው ሲያፈጥብኝ ምላሴ የሚያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው። «እንዲያውም ከእሱ በቀር ማንም አልታሰበም» አልኩ።

ሳቁ። ዳኛውም ሳቁ፤ እኚያ ጭንቅላት አላቸው ያልኩሽ ዳኛ። ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቄ ስለ ክዳኑ ልጀምር ስል «እናመሰግናለን፣ ይበቃል» አሉኝ። የክዳኑን ነገር ሳልናገር ቀረሁ። መፍቻ አልሳቀም። በእኔም አልተቆጣም። የተከሳሽ ሳጥኑን ብረት በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደማያውቀኝ ሰው፣ መውረድ እስክጀምር ድረስ አየኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይላሉ። የኔው ሁለት ጊዜ ነው የወጣው፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥሩ ሳቅ አግኝቷል።

ስለ እኔ ምን አለ? የሆነውን ብቻ ንገሪኝ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 3

ለወንድምዓለም፣

ስምንት ዓመት። ትንሹ ነው አለ ጠበቃው፤ እንኳን ደስ ያላችሁ በሚል ድምፅ።

አንድ እጁን ያጣው ባልደረባው ፍርዱ ሲነበብ ነበር። በግራ እጁ የመፍቻን ትከሻ ሊነካ ሲሞክር ፖሊሱ ከለከለው። እኔን ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው።

አልተቀየምኩህም ለማለት ገና ነው። ተቀይሜሃለሁ ለማለትም አቅም አጣሁ። ስለ አንተ ምን አለ ላልከው፣ ክፉ ነገር አልወጣውም። ሰላም ብሎሃል።

እህትህ


ጥር 17፣ በሦስተኛው ዓመት

ለውድ እህቴ፣

በነዚህ ዓመታት የጻፍሽልኝን ሁሉ አስቀምጫለሁ። አብዛኛው ስለ ጨርቅ ዋጋና ስለ ማረሚያ ቤቱ ወረፋ ነው፤ እኔ ግን በቀጥታ ወደ መጨረሻው መስመር ነው የምሄደው። «መፍቻ ሰላም ብሎሃል» የምትለዋን ሳነብ ያን ቀን እራቴን እበላለሁ። እግዜር ይስጠው በይልኝ።

ዜና አለኝ። ሕጉ እንደገና ሊሻሻል አዲስ ኮሚቴ ተቋቁሟል። እኔም ተጠርቻለሁ፤ «ልምድ ያለው» ተብዬ። በዚያች መስመር እስካሁን ማን ማን እንደተያዘ ተነበበልን፦ የመብራት ሠራተኞች፣ የአውቶቡስ ሹፌሮች፣ አንዲት የስልክ ኦፕሬተር፣ ደመወዙ ስለዘገየ ደወል አልደውልም ያለ የትምህርት ቤት ዘበኛ። ቦምብ የያዘ አንድም የለም። ባቡር ጣቢያውን ያፈነዱት ሰዎች በድሮው ሕግ፣ በነፍስ ግድያ ነው የተፈረደባቸው። ያኔም ይበቃ ነበር ማለት ነው።

አዲሷ ሰብሳቢ የበሩን ወንበር አሳዩኝና «እርስዎ ኖት አሉ አሸባሪው» አሉኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ አሸባሪ ግን አልሆንም አልኩ። «ዛሬ የውሃ ሠራተኛ ነኝ» አልኳቸውና የክዳኑን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ሸሚዙን፣ እጁን፣ ስምንቱን ዓመት። ማንም አልሳቀም። እውነቱን ለመናገር ሳያስቡት ፈገግ ይሉ ይሆን ብዬ ፊታቸውን እያየሁ ነበር፤ አመል ነው። ሰብሳቢዋ ብዕራቸውን አነሱ፦ የሥራ ላይ አደጋን ለመከላከል ወይም መብቱን ለማስከበር አገልግሎት ያቋረጠ ሰው በዚህ ምዕራፍ አይጠየቅም።

ተከሳሽን የሚጠቅም ሕግ ወደ ኋላም ይሠራል። ሲጸድቅ ይወጣል ማለት ነው። ንገሪው። እኔ ነኝ ያስገባሁት እንዳትይው። አይ፣ በይው። እኔ ነኝ በይው። ሲወጣም ልምጣና ልየው ወይ?

ወንድምሽ


መስከረም 28

ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ? እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ፤ አራት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

መፍቻ ወጥቷል። ጠጉሩ ሸብቷል፣ ከስቷል፣ ሌላው ደህና ነው። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ወደ ቦታህ ተመለስ ብሎት ነበር፤ አልሄደም። በየሰው ቤት እየዞረ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ያጠብቃል። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ውሃውን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ያየዋል። እኔም አልጠይቀውም።

ያስገባሃትን አንቀጽ አነበብኩለት። ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩለት። «ጥሩ ነው» አለ። ስለ አንቀጹ ነው ያለው። አንተ እንዳስገባሃት ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ልምጣና ልየው ወይ?» ያልከውንም ነገርኩት። ያኔ የያዘውን ብርጭቆ አስቀምጦ ወጣ። ማታ ሲመለስ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

እኔ አንተን አልጣልኩህም። ኮትህን ይዘህ ሱቄ ድረስ ና፣ እጅጌውን አሳጥርልሃለሁ፤ ሻይ እንጠጣለን። ቤት ግን አትምጣ። ይኼን እንድልህ ያዘዘኝ የለም፤ በእሱ ፊት ተቀምጠህ አንድ ነገር ተናግረህ ልታስቀን ስትሞክር ማየት ስለማልችል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቂም ሳትይዝብኝ ስማኝ። እናንተ ዘንድ ሲሳሳቱ እንዴት ባለ ቃል እንደሚጻፍ ከአንተው ተምሬያለሁና እንደዚያው አድርጌ ጽፌዋለሁ። በሌላ ቃል እጄ እምቢ አለኝ።

ማስተካከያ፦ ከሚያዝያ 6ቱ ደብዳቤ ጀምሮ እስከ ባለፈው ድረስ በየደብዳቤው መጨረሻ «ሰላም ብሎሃል» ተብሎ የተገለጸው ስህተት ነው። የተጠቀሰው ሰው የተጠቀሰውን አላለም። በየጊዜው ተጠይቆ ዝም ብሏል፤ ሰላምታው ወንድሟ እንዳይከፋው በማሰብ በጸሐፊዋ የተጨመረ ነው። ስለሆነም የመጀመሪያው የጥቅምት 24ቱ ሰላምታ እንደጸና ሆኖ፣ የቀሩት እንዳልተላኩ ይቆጠሩ። ከእንግዲህ የሚደርስህ ሰላምታ የእህትህ ብቻ መሆኑ ታውቆ፣ በዚያው ልክ ይያዝ።